ሩት ካናል፦ በታመመ ጥርስ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እንዴት ይቀነሳል?



ረመዷን ሲቃረብ ከሚነሱ ጥያቄዎች አንዱ «ሐኪሙ ጥርስህ ሩት ካናል ያስፈልገዋል ብሎኛል፤ እስከ ዒድ ላቆየው ወይ?» የሚለው ነው። ወደ ሸሪዓዊው መልስ ከመግባታችን በፊት ሕክምናው ምን እንደሚሠራ እንመልከት።

ከጥርስ ጠንካራ አካል ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ የያዘ ለስላሳ ክፍል አለ። በጥርሱ ሥር ውስጥ ባለ ቀጭን ቦይ ወርዶ ከመንጋጋ አጥንት ጋር ይገናኛል። ጥርስ ተቦርቡሮ ባክቴሪያ እዚያ ሲደርስ ለስላሳው ክፍል ይቆጣል፤ ቆይቶም ይሞታል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያሠቃይ የነበረ ጥርስ አንድ ቀን በድንገት ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሰውየው «አልሐምዱሊላህ፣ ተሻለኝ» ይላል፤ የሞተው ግን ነርቩ ነው፣ ባክቴሪያው አለ።

የችግሩ ሥር ባክቴሪያ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት በግልጽ አሳይቷል። የተራ አይጦችንና ከጀርም ነጻ ሆነው ያደጉ አይጦችን ጥርስ ቦርቡረው ክፍቱን ተዉት። በተራዎቹ ላይ ለስላሳው ክፍል ሞተ፣ መግልም ያዘ። ጀርም በሌላቸው ላይ ግን ምግብ እየገባበት እንኳ ቁስሉ ዳነ።

ስለዚህ የሩት ካናል ዋና ዓላማ ይህንን ባክቴሪያ መቀነስ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ምራቅ እንዳይገባ ጥርሱን በስስ የላስቲክ ሽፋን ይለየዋል። ቀጥሎ በቀጫጭን ሞረዶች ቦዩን ይጠርጋል። መጥረጉ ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ የስዊድን ጥናት በሞረድና በጨው ውኃ ብቻ ሲጸዳ ባክቴሪያው ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሚሊዮን የነበረው በሺህ እጥፍ ቢቀንስ አንድ ሺህ ይቀራል፣ የቀረውም ይራባል። ቦዩ ደግሞ ሞረድ የማይደርስባቸው ቅርንጫፎች አሉት።

እዚህ ላይ ነው ፈሳሹ የሚያስፈልገው። በብዛት የሚሠራበት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ቤታችን ካለው በረኪና ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ ከ0.5 እስከ 6 በመቶ ተደርጎ ይዘጋጃል። ባክቴሪያ ይገድላል፣ የሞተ ሥጋም ያሟሟል። (በረኪናን ቤት ውስጥ ጥርስ ላይ ማድረግ ግን አደገኛ ነው፤ አፍን ያቃጥላል።) ሕክምናው በአንድ ቀን ካላለቀ ሐኪሙ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ መድኃኒት ቦዩ ውስጥ አድርጎ ለጊዜው ይደፍነዋል።

«ታዲያ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ብውጥስ?» የሚል አይጠፋም። የሞተው ክፍል ደም አይዞርበትም፤ መድኃኒቱ ደግሞ የሚጓዘው በደም ነው። ስለዚህ ቦዩ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አያገኘውም። አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው ኢንፌክሽኑ ወደ ሰውነት መዛመት ሲጀምር ነው። ፊት ካበጠ ትኩሳት ካለው፣ አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል።

ወደ ጾሙ እንመለስ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጂዳ ባደረገው አሥረኛ ጉባኤው ጥርስ መቦርቦር፣ መንቀልና ማጽዳት ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ከመዋጥ እስከተጠነቀቁ ድረስ ጾም እንደማያበላሽ ወስኗል። መጉመጥመጥም በዚሁ ቅድመ ሁኔታ ይካተታል። ለምግብነት የማይሰጥ መርፌም እንዲሁ ነው፤ የማደንዘዣው መርፌ ከዚህ ይመደባል። ሐኪሙ የሚጠቀምበት የላስቲክ ሽፋንና ውኃ መምጠጫው ለጾመኛም የሚያግዙ ናቸው። ልቡ ያልረጋለት ከኢፍጣር በኋላ የሚሠራ ክሊኒክ ይፈልግ፤ ሕመሙ የጠናበት ሰው አፍጥሮ ቀዳ ማውጣት እንደተፈቀደለትም አይርሳ።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ማቋረጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጊዜያዊው ድፍን ለሳምንታት እንጂ ለወራት አልተሠራም። ሲሰነጠቅ ወይም ሲወድቅ ምራቅ ይገባል፤ የጸዳው ቦይም እንደገና በባክቴሪያ ይሞላል። ድፍኑ ከወደቀ ለክሊኒኩ በዚያው ቀን ደውሉ።