«በሞቴ ቅመስ!» የማይባልበት ሕመም

አንገታችሁን ከፊት ዳበስ አድርጉት። የሚጠነክርባችሁ የአየር ቧንቧው ነው። ከእሱ ጀርባ የምግብ ቧንቧው አለ፤ ከዚያ ጀርባ ወዲያው አከርካሪው። በመሃላቸው አጥር የለም ማለት ይቻላል።

የአንገት ዲስክ ሲንሸራተት ወይም አጥንቱ ሲሰበር፣ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚገቡት በዚሁ በፊት በኩል ነው። መንገዱ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ላይ የተለመደ ነው። የምግብ ቧንቧውን ወደ ጎን ገለል አድርገው ይይዙትና አከርካሪውን በብረትና በብሎን ያስሩታል። አብዛኛው ሰው ድኖ ይሄዳል። ከመቶ አንድ እንኳ በማይሞላው ሰው ላይ ግን ቧንቧው ይቀደዳል። አንዳንዴ እዚያው ቀዶ ሕክምናው ላይ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከወራት፣ አልፎም ከዓመታት በኋላ የላላ ብሎን እየፈገፈገ ይበሳዋል።

ይህን ሁሉ መጠየቅ የጀመርኩት ከአርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት፣ ስልክ ከተደወለልኝ ወዲህ ነው። አጎቴ ከአይሱዙ ላይ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ፣ ከተማ ተሠርቶለት ቤቱ ገብቷል። የደወለው ልጁ ነው።

«ወንድም ዓለም፣ አባባ ሲውጥ እያመመው ነበር። ዛሬ ደግሞ የጠጣው አጥሚት በፋሻው ወጣ።»

ፋሻውንና ከሆስፒታል የተሰጠውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ለማውቀው ሐኪም አሳየሁት። መልሱ አጭር ነበር፦ በአፉ ምንም አይግባ፣ ውሃም ቢሆን፤ አሁኑኑ ይነሳ።

ለማለት ይቀላል። ከአርብ ገበያ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ባሕር ዳር። መንገዱ ይቅር፣ ጠያቂው ራሱ ፈተና ነው። እኛ አገር ለታመመ ሰው ፍቅር የሚገለጸው በማጉረስ ነው፤ «በሞቴ፣ ትንሽ ቅመስ!» ያላለ ጠያቂ እንዳልመጣ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ግን ያቺ አንዲት ጉርሻ በቀዳዳው ሾልካ አንገት ውስጥ ትቀራለች። ሰው ባይበላም በቀን እስከ አንድ ሊትር የሚጠጋ ምራቅ ይውጣል፤ እሱም ከነጀርሙ ይፈሳል። መግሉ ወደ ደረት ከወረደ ልብና ሳንባ አጠገብ ደረሰ ማለት ነው። የሚገድለው ይሄ ነው። ለዚህ ነው ሰዓት የሚቆጠረው።

ጥገናውስ? ትንሽ ቀዳዳ በአፍ ምንም ሳይገባ፣ በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ብቻ ሊደፈን ይችላል። ትልቁ ይከፈታል። መግሉ ይታጠባል፣ አጥንቱ ከገጠመ ብረቱ ይወጣል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ስፌቱ ብቻውን ግን አይታመንም፤ የምግብ ቧንቧ አንጀትን የሚሸፍነው ዓይነት የውጭ ሽፋን የለውም። ስለዚህ ጭንቅላታችሁን ስታዞሩ በአንገታችሁ ጎን ገመድ መስሎ የሚወጣውን ጡንቻ አንድ ጫፉን ፈተው፣ ደሙን እንደያዘ አጥፈው፣ በቧንቧውና በአጥንቱ መሃል ያስገቡታል። የራስ ሥጋ ለራስ መጣፊያ! እኔን ከሁሉም ያስገረመኝ ይሄ ነው።

ከዚያ የሳምንታት ጾም ነው፤ ምግብ በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል በቱቦ ይገባል። ወደ አፍ የሚመለሰው በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ተውጦ፣ እንደማያፈስ ከታየ በኋላ ነው።

አገራችን ውስጥ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 (እ.ኤ.አ.)፣ ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር ነው። ዛሬ አከርካሪ የሚሠራላቸው ብዙ ናቸው፤ ወደ ገጠር የሚመለሱትም እንዲሁ። ታማሚው ሲወጣ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ፎቶ አንሱ፣ የሚደወልበትን ቁጥር ተቀበሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለጥቂት ቀናት ሲውጡ ማመም ያለ ነው። ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ከባሰ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አንገቱ ካበጠ፣ ቆዳው ሲነካ ውስጡ አየር እንዳለ ከተንጫጫ፣ ወይም የበላው በቁስሉ ከወጣ፣ ሳህኑን አንሱና መኪና ፈልጉ።