የሣሩ ውሃ ለዛፉ

ላስ ቬጋስ በሞሃቪ በረሃ መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ እጥፍ በላይ ይዘንብባታል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 የከተማዋ ሙቀት ወደ 49 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ በልጧል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ገዝተው፣ ግቢ ይዘው የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ከተማዋ የምትገኝበት ክላርክ ካውንቲም በ2023 አንዱን አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። ክረምት በራሱ ጊዜ መጥቶ ዛፍ ከሚያሳድግበት ደጋ የሄደ ሰው፣ እዚያ ሲደርስ ዛፉን በቧንቧ ውሃ የማኖር ኃላፊነት በእጁ ይወድቃል።

የከተማዋ ውሃ 90 በመቶ ገደማ የሚቀዳው የኮሎራዶን ወንዝ ሁቨር ግድብ ገድቦ ከፈጠረው ከሚድ ሐይቅ ነው። በማእድ ቤትና በመታጠቢያ ቤት የፈሰሰው ውሃ በፍሳሽ መስመር ተሰብስቦ፣ ተጣርቶ፣ ከሞላ ጎደል ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ ከተማዋም በመለሰችው ልክ ደግማ እንድትቀዳ ይፈቀድላታል። ደጅ የፈሰሰው ግን በዚያው ይቀራል፤ ወይ ይተናል፣ ወይ ተክል ይጠጣዋል። በዚህ ምክንያት የውሃ ቁጠባው ዋና ጥያቄ የሚነሳው ግቢ ውስጥ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ የምንጠቀምበትን ውሃ ለማን እንስጥ? መልሱ ለዛፍ ነው የሚል እምነት አለኝ፤ ለሣርም ለባዶ ጠጠርም አይደለም።

የደቡብ ኔቫዳ የውሃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሣሩን ነቅሎ በረሃ የሚችል ተክል ለሚተካ ባለንብረት ገንዘብ ይከፍላል። በባለሥልጣኑ ስሌት መሠረት አንድ ካሬ ሜትር ሣር ሲነቀል በዓመት ከ2,000 ሊትር በላይ ውሃ ይተርፋል። በ2021 የወጣው የኔቫዳ ሕግ ደግሞ በመንገድ አካፋይና በመሥሪያ ቤት ደጅ ለጌጥ ብቻ የተነጠፈ ሣር ከ2026 መጨረሻ በኋላ የኮሎራዶን ውሃ እንዳይጠጣ ይከለክላል። የግል መኖሪያ ቤቶችን ሣር አይነካም። ሕጉ ተገቢ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን አንድ አደጋ አለው። በሣሩ መካከል የቆሙት ዛፎች ለዓመታት ሲጠጡ የኖሩት ለሣሩ ከተረጨው ተካፍለው ነው፤ ለራሳቸው የተዘረጋላቸው መስመር የለም። ርጭቱ በተዘጋ ማግስት ሣሩ ብቻ የተጠማ ይመስላል፤ ዛፉ ቀስ እያለ ከጫፉ ይደርቃል፤ ባለቤቱ የሚነቃውም ቅርንጫፉ ከተራቆተ በኋላ ነው። ስለዚህ ከሣሩ ተረፈ የተባለው ውሃ ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ከውስጡ ከመጀመሪያውም የዛፉ የነበረ ድርሻ አለ።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል። ዛፍም ይጠጣል፤ ጠጠር ግን ምንም አይጠጣም፤ ታዲያ ግቢውን በሙሉ ጠጠር አልብሰን ለምን አንገላገልም? በውሃ ቆጣሪ ብቻ ከታየ ክርክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያች ከተማ ሙቀት በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይገድላል። ጠጠርና አስፋልት ቀን የዋጡትን ሙቀት ሌሊት ይተፉታል፤ ፀሐይ ያገኘው አስፋልት ከ60 ዲግሪ በላይ ሲግል ከጥላ ሥር ያለው ወለል ከ10 ዲግሪ በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በምዕራብ ግድግዳ በኩል የቆመ ዛፍ የከሰዓቱን ፀሐይ ከቤቱ ላይ ያነሳል። ለዚህ አገልግሎት የሚጠጣው ውሃ፣ ማንም ሳይቀመጥበት ጠዋትና ማታ ከሚረጭ ሣር ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይገባም።

ውሃው ለዛፉ ይገባል ካልን አሰጣጡን ማወቅ ግድ ነው፤ በበረሃ ግቢ ብዙ ዛፍ የሚሞተው ውሃ እየተሰጠው ነውና። ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ከግንዱ ሥር ሳይሆኑ የቅርንጫፉ ጥላ በሚያልቅበት አካባቢና ከዚያም ወዲያ ተዘርግተው ይገኛሉ። ችግኝ በተተከለ ዕለት ግንዱ አጠገብ የተቀመጠ የጠብታ መስኖ ዛፉ አሥር ዓመት ሲሞላው እዚያው ከቀረ፣ ውሃው የሚወርደው ጠጪ በሌለበት ቦታ ነው። ነጠብጣቢዎቹ ዛፉ ሲሰፋ አብረው ወደ ውጭ መውጣት፣ ቁጥራቸውም መጨመር አለበት። ጥልቀቱም ወሳኝ ነው። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ማጠጣት የላይኛውን አፈር ብቻ ያረጥባል፤ ሥሩም ውሃውን ተከትሎ ወደ ላይ ይቀራል፤ በሙቀቱ ወራት የሚነሳው አውሎ ነፋስም እንዲህ ያለውን ዛፍ ከነሥሩ ይገለብጠዋል። ሌላው ጠላት ጨው ነው። የኮሎራዶ ውሃ ጨው ያዘለ ስለሆነ፣ በጥቂት በጥቂቱ ሲሰጥ ውሃው ይተንና ጨው ከሥሩ ዙሪያ ይከማቻል፤ የቅጠሉ ጠርዝም ተቃጥሎ ይታያል። በዝግታ፣ ለሰዓታት፣ እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሰረገ ውሃ ጨውን ወደ ታች ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ እንደ ዛፉ ዓይነት በሙቀቱ ወራት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት መታገሥ ይቻላል፤ በብርዱ ወራት ከዚያም በላይ። ውሃው እዚያ ጥልቀት መድረሱን ለማወቅ ቀጭን ፌሮ አፈሩ ውስጥ መስደድ ይበቃል፤ በረጠበው በቀላሉ ይገባል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ገና ሳይጠልቅ ከቆመ ምናልባት ካሊቼ የሚባለውን፣ በኖራ ተጣብቆ እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ ንጣፍ አግኝቷል። ለተከላ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የሞሉት ውሃ በማግስቱም ካልሰረገ ቦታውን መቀየር ይሻላል።

አገር በቀል የበረሃ ዛፍ ከተተከለ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት አለው። መስኪት የተባለው ዛፍና የበረሃ ዊሎው በጥቂት ውሃ ይኖራሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሥር እስኪሰዱ ድረስ ያለ እንክብካቤ አይዘልቁም፤ በዱር እንኳ ዝናብ ጎርፎ በሚያልፍበት ደረቅ ወንዝ ዳር መብቀላቸው በከንቱ አይደለም። ደግሞም «በረሃ የሚችል» መባል ብቻውን ለየትኛውም በረሃ ይበጃል ማለት አይደለም። የመስኪት ዘመድ የሆነው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ አፋር ገብቶ የአዋሽን ዳርቻ የግጦሽ መሬት እንዴት እንደወረረ የእኛ አርብቶ አደሮች ያውቁታል።

ሣሩን ለመንቀል የወሰነ ባለቤት እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። ርጭቱን ከመዝጋቱ በፊት በዛፉ ጥላ ዙሪያ የራሱን መስመር ይዘርጋ፤ ሥራውን ሙቀቱ በሚበርድበት በመኸር ያድርገው። በጠጠር ፋንታ ከዛፉ ሥር የእንጨት ፍርፋሪ ጉዝጓዝ እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ይደልድል፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ። ቅርንጫፍ በብዛት አይመልምል፤ በድንገት ፀሐይ ያገኘው ቅርፊት ይቃጠላልና። ዛፉ እንደ አሽ (ash) ወይም እንደ መልበሪ (mulberry) ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ ከሆነና ሊተካው ካሰበ፣ ተተኪውን አስቀድሞ ይትከል፤ አሮጌውን የሚቆርጠው አዲሱ በምዕራብ በኩል ጥላ መጣል ሲጀምር ይሁን።