ዝናም ያልሰጠ ወጀብ

ከውቅያኖስ የሚነሣ ወጀብ በደኅናው ጊዜ የሚፈራና የሚሸሽ ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። ድርቅ በጸናበት አገር ግን ይኸው ወጀብ የሚናፈቅ እንግዳ የሚሆንበት ወቅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል፣ በቴክሳስ ግዛት የደረሰው ሁኔታ ይህንን በጉልህ ያሳያል። ሁኔታው ለእርዳታ ሥራ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የሚጠቅምበት ምክንያትም አለ። ይኸውም የዝናም ተስፋና የዝናም መለኪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያስመሰከረ በመሆኑ ነው።

በቴክሳስ ከኦክቶበር 2010 እስከ ሴፕቴምበር 2011 ባሉት አሥራ ሁለት ወራት የጣለው ዝናም በአማካይ 280 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ይህ መጠን በመደበኛ ዓመት ከሚጠበቀው ከግማሽ በታች ሲሆን፣ በግዛቱ መዝገብ ውስጥ ካሉት ተከታታይ አሥራ ሁለት ወራት ሁሉ ዝቅተኛው ሆኖ ተመዘገበ። የጁን፣ የጁላይና የኦገስት ወራት ሙቀትም ከዚያ በፊት ከታየው ሁሉ የላቀ ነበር። ሣሩ ነደደ፤ የከብት መጠጫ ኩሬዎች ደረቁ፤ አርቢዎችም የዘር ላሞቻቸውን ሳይቀር ለመሸጥ ተገደዱ። በቀጣዩ ዓመት መባቻ ቆጠራ ሲደረግ የግዛቱ የሥጋ ላሞች ቁጥር ከ600,000 በላይ ቀንሶ ተገኘ። በእርሻና በከብት ሀብት ላይ የደረሰው ጉዳት በ7.62 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። የቴክሳሱ አርቢ ከብቱን በጭነት መኪና አሳፍሮ ሣር ወዳለበት ወደ ሰሜን ግዛቶች ሊልክ የሚችል በመሆኑ ዕጣው ከቦረና አርብቶ አደር ዕጣ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይሁን እንጂ የዘር ላሙን ዛሬ ይሽጥ ወይስ ዝናም ሳይመጣ አይቀርም ብሎ አንድ ሳምንት ይታገሥ የሚለው ጭንቀት በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አቀኑ። በዚያ አካባቢ በሐምሌና በነሐሴ የሚታየው የአየር ሁከት ብዙውን ጊዜ መነሻው ከአፍሪካ ነው። በሰሜን በኩል ባለው የሰሐራ ግለትና በደቡብ በኩል ባለው ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ አየር መካከል ከሚነፍሰው ብርቱ የምሥራቅ ነፋስ ውስጥ ሞገድ መሰል ሁከት ይፈጠራል። ብዙዎቹ ሞገዶች ከዳርፉር ተራሮች አንሥቶ እስከ ኢትዮጵያ ደጋዎች ባለው ቀጠና አካባቢ ይጸነሳሉ። ከዚያም በየሦስትና በየአራት ቀኑ እየተከታተሉ ወደ ምዕራብ ተጉዘው አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይወጣሉ። በዓመት ወደ 60 የሚጠጉ ሞገዶች ሲያልፉ ወደ ወጀብነት የሚለወጡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ለዚህም የባሕሩ ውሃ ቢያንስ 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ፣ የመካከለኛው ከፍታ አየር እርጥብ መሆን፣ እንዲሁም በታችኛውና በላይኛው አየር መካከል የነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት እምብዛም ያልተለያየ መሆን ያስፈልጋል። ነፋሱ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሁከቱ ወጀብ ተብሎ ስም ይሰጠዋል፤ 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ደግሞ ሀሪኬን ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነጥብ አለ። የነፋሱ ብርታትና የዝናሙ መጠን የግድ አብረው አይሄዱም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1979 ክሎዴት የተባለው ደካማ ወጀብ በቴክሳስ በአልቪን ከተማ አካባቢ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም አውርዷል። በ2001 አሊሰን የተባለው ወጀብ ሂዩስተንን በጎርፍ ሲያጥለቀልቅ ከሀሪኬን ደረጃ አልደረሰም ነበር። ዝናሙን የሚወስነው ይበልጡን የጉዞው ዝግታና የተሸከመው እርጥበት ነው። ስለሆነም ቤት ሳያፈርስ መሬት የሚያርስ ዝናም የሚሻ ገበሬ ደካማውን ወጀብ መምረጡ ምክንያት የለሽ ምኞት አይደለም።

በዚያ ዓመት ጉዳዩን ይከታተሉ የነበሩት ደመወዝተኛ የሜትሮሎጂ ጠበብት ብቻ አልነበሩም። በሙያቸው መምህራን፣ ጡረተኞች፣ ገበሬዎችና የከብት አርቢዎች ሆነው የአየር ጠባይን በፈቃደኝነት የሚመለከቱ ብዙ ሺህ ሰዎች በአገሩ ይገኛሉ። የመንግሥቱ የፈቃደኛ ተመልካቾች መርሐ ግብር ከ1890 ጀምሮ የቆየ ነው። ከዚህ ሌላ በኮሎራዶ ግዛት በፎርት ኮሊንስ ከተማ በጁላይ 1997 ድንገተኛ ጎርፍ አምስት ሰዎችን ከገደለ በኋላ፣ በ1998 በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አዲስ የፈቃደኞች ማኅበር ተቋቁሟል። በዚያ ጎርፍ ጊዜ በአንዱ ሠፈር የወረደው ዝናም በሌላው ከወረደው እጅግ የተለየ ስለነበር፣ ተራርቀው የቆሙት ጥቂት ጣቢያዎች ሊይዙት እንደማይችሉ ታወቀ። የማኅበሩ አባል ዲያሜትሩ አሥር ሴንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ መለኪያ በግቢው ይተክላል፤ ዘወትር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አንብቦ ያስተላልፋል። ዝናም ባልጣለበት ቀንም ዜሮ ብሎ መመዝገብ አለበት። ባዶ የተተወ ቦታ ተመልካቹ ረስቶ ይሁን ወይም ዝናም ጠፍቶ አያስረዳምና፣ በድርቅ ጊዜ ከዜሮ የበለጠ ጠቃሚ ቁጥር የለም ለማለት ይቻላል።

ከመለኪያው በተጨማሪ ትጉሆቹ ተመልካቾች የሳተላይት ምስል፣ የባሕር ላይ ተንሳፋፊ ጣቢያዎች የሚያስተላልፉትን የአየር ግፊት፣ ወጀቡን ሰንጥቀው የሚያልፉ አውሮፕላኖች የሚልኩትን መረጃና የኮምፒዩተር ትንበያዎችን ያገላብጣሉ። የሚፈልጉት ምልክት ብዙ ነው። ከፍተኛው ደመና በዝቅተኛው ግፊት ማዕከል ላይ በቀጥታ ቆሟል ወይስ ወደ ጎን ተገፍቷል? የማዕከሉ ግፊት ከሰዓት ሰዓት እየቀነሰ ነው? ከጎኑ ያለው አየር በሳተላይቱ ምስል ደረቅ ሆኖ ይታያል? እነዚህን ጥያቄዎች በአግባቡ የሚመልስ አማተር ከባለሙያው ብዙም የማይርቅበት ጊዜ አለ።

ጁላይ 27 ቀን 2011 (ሐምሌ 20 ቀን 2003 ዓ.ም.) ከሜክሲኮ የዩካታን ልሳነ ምድር በስተሰሜን ከእነዚህ ሞገዶች አንዱ ወጀብ ሆነና ዶን ተብሎ ተሰየመ። አቅጣጫው በቀጥታ ወደ ቴክሳስ ጠረፍ ነበር። ለወራት ደመና ያላየው ሕዝብ ወጀቡን በጸሎት ጭምር ጠበቀው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኮምፒዩተሮቹ ትንበያ አንድ መስመር ብቻ ስለማያወጣ፣ ከሰሜን ያለው ተመልካች ወደ ሰሜን የሚያዘነብለውን፣ ከደቡብ ያለውም ወደ ደቡብ የሚያዘነብለውን እየመረጠ ዝናሙን ወደ ራሱ እርሻ ሲስብ ታየ። አማተሮቹ ራሳቸው ለዚህ ጠባይ መጠሪያ አላቸው፤ የምኞት ትንበያ ይሉታል፤ እርስ በርሳቸውም ይወቃቀሱበታል።

ምልክቶቹ ግን ከመጀመሪያው ጥሩ አልነበሩም። ዶን በስፋቱ አነስተኛ ነበር፤ የነፋሱ ከፍተኛ ፍጥነትም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር እምብዛም አላለፈም። በላይኛው አየር የነበረው ነፋስ ደመናውን ከማዕከሉ ይገፋው ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ድርቁ ራሱ ያደረቀውና ያሞቀው የየብሱ አየር በመንገዱ ላይ ተጋርጦ መቆየቱ ነው። ወጀቡ ጁላይ 29 ሌሊት ከኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ በስተደቡብ ወደ ምድር ሲደርስ ደመናው በአብዛኛው ተበትኖ፣ ከወጀብ ደረጃም ወርዶ ነበር። በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ፈጽሞ ጠፋ። በሌሎች ጥቂት ሥፍራዎች የተሻለ ቢዘንብም፣ አብዛኛው የጠረፍ አካባቢ ያገኘው ከ25 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ከጠረፉ ራቅ ብሎ ባለው ሰፊ የከብት አገር ተመልካቾቹ በማግስቱ ጠዋት ያሰፈሩት ቁጥር ከበፊቶቹ ቀናት የተለየ አልነበረም።

ከአንድ ወር በኋላ ሊ የተባለ ሌላ ወጀብ በባሕረ ሰላጤው ተነሣ፤ ተስፋውም አብሮ ተቀሰቀሰ። ሊ በሴፕቴምበር 4 (ነሐሴ 29 ቀን 2003 ዓ.ም.) ወደ ምድር የገባው ግን በምሥራቅ በኩል በሉዊዚያና ግዛት ነበር። በሰሜናዊው የምድር ንፍቀ ክበብ የወጀብ ነፋስ ከሰዓት ቆጣሪ ዘንግ በተቃራኒ ስለሚዞር፣ ከወጀቡ በስተምሥራቅ ያለው አገር ከባሕር የሚመጣ እርጥብ አየር ሲያገኝ በስተምዕራብ ያለው ከየብስ የሚመጣ ደረቅ የሰሜን ነፋስ ይደርሰዋል። ሉዊዚያና በዝናም ስትጥለቀለቅ ቴክሳስን የደረሳት ነፋሱ ብቻ ሆነ። በዚያው ዕለት በማዕከላዊ ቴክሳስ በባስትሮፕ አውራጃ የተነሣው እሳት በዚሁ ነፋስ ተራግቦ ከ1,600 በላይ ቤቶችን አወደመ፤ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። ዝናም ሊያመጣ የተጠበቀው ወጀብ እሳት አራጋቢ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ድርቅ ከአፍሪካ ቀንድ ጋር የተያያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 በፓሲፊክ ውቅያኖስ የታየው የውሃ መቀዝቀዝ፣ ማለት ላ ኒኛ የሚባለው ሁኔታ፣ የቴክሳስን ክረምትና ጸደይ ሲያደርቅ በምሥራቅ አፍሪካም ሁለት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ እንዲከሽፉ ዐቢይ ምክንያት ሆኗል። ዶን ከመፈጠሩ ሰባት ቀን አስቀድሞ፣ ጁላይ 20 ቀን 2011፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በደቡብ ሶማልያ ሁለት አካባቢዎች ረሃብ መግባቱን አውጆ ነበር። በዶሎ አዶ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይገባ ለነበረው ስደተኛ ግን በባሕር ላይ የሚጠባበቀው ወጀብ እንኳ አልነበረውም።

በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነገሩ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደተመለከተው፣ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ በማዳጋስካር አካባቢ ወጀቦች በተከታታይ የሚነሡባቸው ዓመታት የኢትዮጵያ በልግ የሚሳሳባቸው ዓመታት ሆነው ታይተዋል። እርጥበቱ ወደ ወጀቦቹ ስለሚሳብ ለሰሜኑ አገር የሚተርፈው ይቀንሳል። በመሆኑም በሞዛምቢክና በማዳጋስካር የጎርፍ ዜና ሲበዛ በወሎና በትግራይ በልግ አብቃይ ወረዳዎች ያሉ ሠራተኞች ሰማያቸውን በጥንቃቄ ቢመለከቱ ተገቢ ነው። በዓረብ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚነሡት ጥቂት ወጀቦች ደግሞ በምሥራቅ በኩል በቀጥታ ይደርሳሉ። ሜይ 2018 ሳጋር የተባለው ወጀብ ሰሜን ምዕራብ ሶማልያን መትቶ ጅቡቲንና ምሥራቅ ኢትዮጵያን በጎርፍ አጥቅቷል።

በኢትዮጵያ አራተኛ ደረጃ ተብለው የሚመደቡት የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ዝናምን ብቻ የሚለኩ ሲሆኑ፣ ንባባቸውም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የሚወሰድ ነው። በወረዳው ዝናም ጀምሯል የሚል ወሬ ሲሰማ የእህል ጭነት እንዲዘገይ ወይም የዘር ዕደላ እንዲፋጠን የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ወሬ የዚያን ጠዋት ንባብ አይቶ መመርመር የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ የስልክ ጥሪ አይበልጥም። ደመና መታየቱና ሃያ ሚሊ ሜትር መዝነቡ በሪፖርት ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቃለው ሲቀርቡ ግን ጭነቱ የሚዘገየው በደመናው ምክንያት ነው።

ተመልካች የሌለበት ዝናም ምን እንደሚያስከትል የታየው በዚያው በ2018 ነው። በሜይ መኩኑ፣ በኦክቶበር ደግሞ ሉባን የተባሉት ወጀቦች በዓረብ ልሳነ ምድር ሩብ አል ኻሊ በተባለው ሰው አልባ በረሃ ላይ ብዙ ዝናም አወረዱ። በአሸዋው መካከል ሐይቆች ተፈጠሩ፤ ሣር በቀለ። የበረሃ አንበጣ በዚያ ሥፍራ ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። መንጋው በየመን በኩል ባሕሩን ተሻግሮ በ2019 አጋማሽ ኢትዮጵያና ሶማልያ ሲደርስ፣ የወለዱት ዝናሞች ከወረዱ አንደኛው ዓመት አልፎት ነበር።