የደንገል ታንኳ

የደንገል ታንኳ ከደረቀ የደንገል ተክል እስሮች የሚሠራ ቀላል ጀልባ ነው። በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቀው በጣና ሐይቅ ሲሆን፣ በደቡብ ወሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አካባቢም ከሸምበቆ መሰል ተክል የተሠራ መሻገሪያ አገልግሏል። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎ ስለሚገጠም ነው። የደንገል ታንኳ ግን በእስሮቹ መካከል ውኃ ቢያስገባም አይሰምጥም፤ የሚያንሳፍፈው በተክሉ ለስላሳ ውስጠኛ ክፍል ያለው አየር ነው። ስለዚህ ዕድሜው የሚወሰነው በአስተሳሰሩና በአደራረቁ ነው።

በሐይቅ እስጢፋኖስ

ሐይቅ እስጢፋኖስ ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ቢሆንም ቀድሞ ደሴት ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ መነኮሳቱ ወደ የብስ ይሻገሩበት የነበረውን መሣሪያ ገልጿል። በእንጨቶች መካከል ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ የውኃ ዳር ሣር ሲሆን፣ በአራቱ ማዕዘን ትልልቅ ቅሎች ይታሰሩበት ነበር። ቅሎቹ ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ ተጨማሪ ተንሳፋፊነት ይሰጡታል።

አዘገጃጀት

በጣና ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ይታጨድና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እርጥብ ደንገል ከባድ ስለሆነ በደንብ መድረቅ አለበት። ሆኖም የደረቀ ደንገል ሲታጠፍ ይሰበራል፤ በመጠኑ ሲርስ ግን እንደ ገመድ ይለዝባል። ዘንጎቹ በረጃጅሙ ተደራርበው በልጥ ገመድ ይታሰራሉ፤ የታንኳው ጫፍም ወደ ላይ ይቀለበሳል። ዕቃ እንዳይርስ ከውስጥ ሌላ የደንገል እስር ይነጠፋል። ቀዛፊው በረጅም ዘንግ ወይም በመቅዘፊያ ይነዳዋል። የጣናን ታንኳ በመሥራት ወይጦዎች በተለይ ይታወቃሉ።

አጠባበቅ

ደንገል ውኃ ውስጥ በቆየ ቁጥር አየሩን እያጣ ይከብዳል። ስለዚህ ታንኳው ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ እንዲደርቅ በዳርቻው ይቆማል። የላላ ገመድ እንደገና ይጠብቃል፤ የበሰበሰ እስር ይለወጣል። እንዲህም ተደርጎ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ባለቤቱ በየጊዜው አዲስ ማሠራት አለበት።

በውቅያኖስ ላይ

ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር እንደሚቻል ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለውን ባለ ሸራ ጀልባ አሠራ። ደንገሉ ከጣና ሐይቅ ወደ ግብፅ ተጓጉዞ በቻድ ሐይቅ ሰዎች ተሠራ። ሰባቱ ተጓዦች ከደንገሉ በላይ በተሠራች ጎጆ እየኖሩ፣ ውኃና ስንቃቸውን በሸክላ ዕቃዎች ይዘው ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሡ። በጥንታዊ ግብፃውያን ሥዕሎች የሚታየው የኋላውን ጫፍ ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ በአግባቡ ስላልተያዘ ግን የጀልባው ኋላ ወደ ውኃ ዘቀጠ። ተጓዦቹም ከ5000 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ጀልባውን ለመተው ተገደዱ።

በሚቀጥለው ዓመት «ራ 2» በቲቲካካ ሐይቅ የአይማራ ሠሪዎች በሌላ የአስተሳሰር ስልት ተሠራ። ይህ ጀልባ ከሳፊ ተነሥቶ በ57 ቀናት 6100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባርቤዶስ ደረሰ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ታንኳ በጣና ዛሬም ለዓሣ ማስገርና ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንደ ማገዶ ያለ ጭነት ለማመላለስ ያገለግላል። ይሁን እንጂ የእርሻ መስፋፋትና ከመጠን ያለፈ አጨዳ የደንገሉን ሽፋን ቀንሰውታል። ታንኳ ቶሎ ቶሎ የሚተካ በመሆኑ፣ ደንገሉ ከጠፋ ሙያውም አብሮ ይጠፋል። ደንገል ለዓሦች መራቢያና ለወፎች መጠለያ ስለሆነ፣ ጉዳቱ ከታንኳ ሠሪዎች አልፎ ለዓሣ አስጋሪዎችም ይተርፋል።