ስለገባ ብቻ አይሰካም! የተቃጠለ አዳፕተር በምን ይተካል?

ዛሬ በሳይንስ ዓምዳችን ይዤላችሁ የመጣሁት ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም የዓሣዎቻችንን ሕይወት የሚነካ ነው።

በሳይንስ ክፍላችን ያለውን የዓሣ ገንዳ ታውቁታላችሁ። ውስጡ ያለው ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ያንቀሳቅሳል። ውሃው ሲንቀሳቀስ ከአየር ኦክስጅን ይቀላቀልበታል፤ ዓሣ ደግሞ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመጣ የፓምፑ አዳፕተር ተቃጠለ። ፓምፑ ቆመ። ዓሣዎቹም ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ይሄ «አየር አጠረን» ማለታቸው ነው።

ከመሳቢያ ውስጥ ሦስት አሮጌ አዳፕተሮች ተገኙ። የሚገርመው የሦስቱም ጫፍ ፓምፑ ላይ ይገባል! አንዳንድ ልጆች «በቃ፣ የገባውን ሰኩት» አሉ። ግን መግባት ሌላ፣ መስማማት ሌላ ነው። እስቲ እናንተም ምረጡ፦

1ኛ. የዋይፋይ፦ 9 ቮልት፣ 0.6 አምፔር
2ኛ. የላፕቶፕ፦ 19 ቮልት፣ 3.42 አምፔር
3ኛ. የሪሲቨር፦ 12 ቮልት፣ 2 አምፔር

ፓምፑ ላይ የተጻፈው 12 ቮልት ዲሲ፣ 0.8 አምፔር ነው።

ቮልት፦ እኩል መሆን አለበት። ቮልት ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ኃይል ነው። ፎቅ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ የሚወርድ ውሃ፣ መሬት ላይ ካለው ሮቶ ይበልጥ ይገፋል አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። 19 ቮልቱ ፓምፑን ሊያቃጥለው ይችላል። በ9 ቮልቱ ደግሞ ወይ በቀስታ ይዞራል፣ ወይ ጭራሽ አይነሳም።

አምፔር፦ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። «2 አምፔር በዝቶ አያቃጥልም ወይ?» ብለው የጠየቁኝ ልጆች አሉ። አያቃጥልም። መሶብ ውስጥ 10 እንጀራ ስላለ 10ሩንም አንበላም፤ የሚበቃንን ብቻ እንበላለን። ፓምፑም የሚፈልገውን 0.8 ብቻ ይወስዳል። አምፔሩ ካነሰ ግን አዳፕተሩ ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። በሚሊ አምፔር ከተጻፈ 1000 ሚሊ አምፔር 1 አምፔር ነው። ቮልትና ዋት ብቻ ከተጻፈ ዋቱን ለቮልቱ ማካፈል ነው፦ 6 ዋት ÷ 12 ቮልት = 0.5 አምፔር። «ሂሳብ ምን ያደርጋል?» ለምትሉ፣ ይኸው!

ዲሲ ወይስ ኤሲ፦ ቀጥ ያለ መስመር ከሥሩ ሦስት ጭረት ካለው ዲሲ ነው። እንደ ማዕበል የተጠማዘዘ መስመር ደግሞ ኤሲ ነው። ፓምፑ ዲሲ ከሆነ አዳፕተሩ የሚያወጣውም ዲሲ ይሁን።

ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ፦ አዳፕተሩ ላይ ትንሽ ክብ ሥዕል አለች። መሀሏ ያለው ነጥብ ከመደመር ምልክት ጋር ከተያያዘ የጫፉ መሀል ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው። የአሮጌውና የአዲሱ ሥዕል አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከተገላበጠ ፓምፑ ሊበላሽ ይችላል።

ከግድግዳ የሚገባው፦ «ኢንፑት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጉ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አዳፕተር 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ግን ችግር የለውም።

እንግዲህ መልሱ 3ኛው ነው! ምልክቶቹም ገጠሙ፤ መምህራችን ሰኩት፣ ፓምፑም ተነሳ። እስከዚያ ድረስ ተራ እየገባን ውሃውን በኩባያ ቀድተን ከፍ አድርገን መልሰን እናፈሰው ነበር፤ ይሄም አየር ያስገባል። ዓሣዎቹ ሁሉም ደህና ናቸው።

ጥንቃቄ፦ ትልቅ ሰው ሳይኖር አትሰኩ፤ በእርጥብ እጅ አትንኩ፤ አዳፕተር አትፍቱ። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ የሚወርድ ውሃ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

ዛሬ ቤት ስትገቡ የአንድ አዳፕተር ጽሑፍ አንብቡና ያገኛችሁትን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ሳጥናችን ክተቱ። ቸር ይግጠመን!