ዶልጎኽ የምትባል ትንሽ የባቡር መኪና

በብሪታንያ ደሴት በስተ ምዕራብ ዌልስ የሚባል ተራራማ አገር አለ። በዚያም አገር፥ በባሕር ዳር፥ ታዊን የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። ከዚህች ከተማ ተነሥቶ ሸለቆውን እየተከተለ ወደ ተራራው የሚወጣ ጠባብ የባቡር መንገድ አለ፤ ስሙም የታልሊን ምድር ባቡር ይባላል። ከአንደኛው ሐዲድ እስከ ሁለተኛው ሐዲድ ያለው ስፋት 69 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበረ፤ የብሪታንያም ትልልቅ ባቡሮች የሚሄዱበት ሐዲድ 143 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሰፋል። የታልሊን ሐዲድ ከነዚህ አጠገብ ቢታይ የልጆች መጫወቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ለጨዋታ አልተሠራም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሸለቆው ራስ ብሪን ኤግሉስ የሚባል ተራራ አለ፤ ትርጓሜውም በአገሩ ቋንቋ የቤተ ክርስቲያን ኮረብታ ማለት ነው። ከዚህ ተራራ ሆድ የሰሌዳ ድንጋይ ይቈፈር ነበር። ይህ ድንጋይ በመሮ ሲመታ እንደ መጽሐፍ ቅጠል እየሳሳ ይሰነጠቃል፤ ዝናብም ስለማያሳልፍ የቤት ክዳን ይሆናል። ቀድሞ በብዙ አገር ተማሪዎች ፊደል የሚጽፉባት ትንሽ ሰሌዳም ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ትሠራ ነበር። ድንጋዩን በፈረስና በበቅሎ እስከ ባሕር ዳር ማውረድ ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ ስለ ጠየቀ፥ የድንጋዩ ባለቤቶች በ1865 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ርዝመቱም እስከ አበርጋኖልዊን መንደር 10 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሆነ።

ለሥራውም ሁለት ትንንሽ ጎታች መኪናዎች ተገዙ። አንደኛይቱ በ1864 ዓ.ም. ተሠርታ ታልሊን ተባለች፤ ሁለተኛይቱ በ1866 ዓ.ም. ተሠርታ፥ በመንገዱ ላይ ባለው ፏፏቴ ስም ዶልጎኽ ተባለች። ሁለቱም በእንግሊዝ አገር በኋይትሄቨን ከተማ የተሠሩ ናቸው።

ትልልቅ የባቡር መኪናዎች ውኃቸውንና ከሰላቸውን የሚጭን ሌላ ጋሪ ከኋላቸው ያስከትላሉ። እንደ ዶልጎኽ ያለች ትንሽ መኪና ግን ሁሉን የምትሸከመው በገዛ አካሏ ላይ ነው፤ ስንቁን በትከሻው እንደሚይዝ መንገደኛ ናት። ውኃዋ የሚቀመጠው በስተ ኋላዋ ባለ የብረት ገንዳ ነው። ከገንዳው የሚወጣው ውኃ ወደ ትልቁ የብረት ማሰሮዋ ይገባል። በማሰሮው አንድ ጫፍ የእሳት ምድጃ አለ፤ የምድጃውም ትኩስ ጢስ በማሰሮው ውስጥ በተዘረጉ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች እያለፈ ወደ ጢስ መውጫው ሲሄድ በዙሪያው ያለውን ውኃ ያፈላዋል። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ሲታፈን ኃይሉ እጅግ ይበረታል። የምጣድ ክዳን በእንፋሎት ሲነሣ ያየ ልጅ የዚህን ኃይል ጥቂት አይቷል። ነጂው በር ሲከፍትለት እንፋሎቱ ወደ ጠባብ ክፍል ገብቶ በውስጡ ያለውን የብረት መግፊያ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፥ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ መግፊያው ዘንጉን፥ ዘንጉም መንኰራኵሩን ያዞራል። ሥራውን የፈጸመው እንፋሎት በጢስ መውጫው ሲፈነጠቅ «ጩፍ፥ ጩፍ» የሚለውን ድምፅ ያሰማል፤ ሲወጣም ከምድጃው አየር እየሳበ እሳቱን ያነደዋል። ስለዚህ መኪናዪቱ ብዙ በሠራች መጠን እሳቷ ይበልጥ ይግላል።

በነጂው ፊት የውኃውን ልክ የሚያሳይ የመስተዋት ቱቦ ቆሟል። በሚነዳበት ጊዜ ሁሉ ይህን ቱቦ መመልከት ከነጂውና ከእሳት አንዳጁ ሥራ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ውኃው ጐድሎ የምድጃው ጣራ ከተራቆተ ብረቱ በእሳቱ ይለሰልሳል፤ የታፈነውም እንፋሎት ጥሶት ሊፈነዳና በአጠገቡ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል።

መንገዱ ተሠርቶ ሲያልቅ አንድ ስሕተት ተገኘ። መንገደኛ ከመጫኑ በፊት የመንግሥት መርማሪ መጥቶ ቢለካ፥ በሐዲዱ ላይ በተሻገሩት ድልድዮች ሥር በሠረገላውና በግንቡ መካከል ያለው ቦታ ከሕጉ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ባቡሩ በድልድይ ሥር ቢቆም ሰው በር ከፍቶ መውጣት አይችልም ነበር። ድልድዮቹን ሁሉ አፍርሶ መሥራት ደግሞ ከባድ ወጪ ነው። ባለቤቶቹም በሠረገላዎቹ በአንደኛው ወገን ያሉትን በሮች ለዘወትር ዘጉ፤ በድልድዮቹም ሥር ሐዲዱን ወደዚያው ወደ ተዘጋው ወገን አስጠግተው በሌላው ወገን በቂ ስፍራ አተረፉ። ዘዴው ብልኀት ያለበት ነው፤ አስቀድሞ መለካት ግን ከዚህ ሁሉ በረከሰ ነበር።

ዓመታት አለፉ። የሰሌዳ ድንጋይ ገበያ እየቀነሰ ሄደ። በ1911 ዓ.ም. ሰር ሄንሪ ሃይድን ጆንስ የሚባሉ የዚያው አገር የፓርላማ አባል የድንጋዩን ጉድጓድና ባቡሩን ገዙ። በታኅሣሥ 1946 ዓ.ም. ጉድጓዱ ስለ ተናደ ሥራው ቆመ፤ ባቡሩም የሚጭነው ድንጋይ አጣ። በ1948 ዓ.ም. የብሪታንያ መንግሥት የአገሩን ባቡሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ሲወርስ ታልሊንን ሳይጠራው ቀረ። ሰር ሃይድን ግን «በሕይወት እስካለሁ ድረስ ባቡሩ ይሄዳል» ብለው ቃል ገብተው ነበርና ኪሳራውን ከገዛ ገንዘባቸው እየከፈሉ በበጋ ወራት በሳምንት ጥቂት ቀን መንገደኛ ያስጭኑ ነበር። ታልሊን የተባለችው መኪና በ1945 ዓ.ም. አርጅታ ስለ ቆመች የሚጎትት ዶልጎኽ ብቻ ሆነች። በሐዲዱ ሥር የተጋደሙት እንጨቶች በስብሰው፥ ከ1865 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረውን ብረት በብዙ ስፍራ አጥብቆ የያዘው የበቀለበት ሣር ነበር።

ሰር ሃይድን በ1950 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጀመሪያ ዐረፉ። ቃላቸውንም እስከ መጨረሻው ጠበቁ፤ ከዚህ በኋላ ግን ባቡሩን የሚያስሄድ ሰው አልነበረም። ብረቱን ለቅሞ መሸጥ ብቻ የቀረ መሰለ።

ቶም ሮልት የሚባል መሐንዲስና ጸሓፊ ይህን ነገር አስቀድሞ አስቦበት ነበር። እርሱና ወዳጆቹ በጥቅምት 11 ቀን 1950 ዓ.ም. በበርሚንግሐም ከተማ ሕዝብ ሰብስበው «ያለ ደመወዝ በገዛ እጃችን ብንሠራ ይህ ባቡር አይጠፋም» ብለው ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ማኅበር ባቡርን ተረክቦ ያስሄደበት ጊዜ አልነበረም፤ ብዙ ሰዎችም ነገሩን እንደ ቀልድ ቈጠሩት። የሰር ሃይድን ባለቤት ግን ባቡሩን ለማኅበሩ ለመስጠት ፈቀዱ። በግንቦት 14 ቀን 1951 ዓ.ም. የማኅበሩ የመጀመሪያ ባቡር ከታዊን ተነሣ፤ የጐተተችውም ዶልጎኽ ነበረች።

በዚያ ዓመት ብቻዋን እንዳትደክም ተብሎ፥ በ1948 ዓ.ም. ከተዘጋው ጎረቤት የኮሪስ ባቡር ሁለት መኪናዎች እያንዳንዳቸው በ25 ፓውንድ ተገዙ። አንደኛዋ የሟቹን ስም አግኝታ ሰር ሃይድን ተባለች። ነገር ግን የታልሊን ሐዲድ ከልኩ ጥቂት ይሰፋ ነበር፤ የዚህች መኪና መንኰራኵር ደግሞ ፊቱ ጠባብ ስለ ሆነ በሁለቱ ብረቶች መካከል እየወደቀች አስቸገረች። ሁለተኛዪቱም ጥገና የምትሻ ነበረች። ስለዚህ የሰማንያ አምስት ዓመት አሮጊት ዶልጎኽ የዚያን በጋ መንገደኞች ከሞላ ጎደል ብቻዋን አመላለሰች። በየጊዜው እንዳትቆም የሚፈሩት ሠራተኞች ማታ ማታ ሲጠግኗት ይውሉና ያድሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የበሰበሱት እንጨቶች ተለወጡ፥ ሣሩ ታጨደ፥ ብረቱም ታደሰ። ይህን የሠሩት የባንክ ጸሓፊዎች፥ መምህራን፥ ተማሪዎችና ጡረተኞች ናቸው፤ የዕረፍት ቀናቸውን ትተው አካፋ ለመያዝ ከሩቅ ይመጡ ነበር፤ ዛሬም ይመጣሉ። በ1976 ዓ.ም. የመንገደኛው መሥመር ከአበርጋኖልዊን አልፎ ናንት ጉዌርኖል እስከሚባለው ስፍራ ቀጠለ፤ የመንገዱም ርዝመት ወደ 12 ኪሎ ሜትር ሆነ። በ2021 ዓ.ም. የሰሜን ምዕራብ ዌልስ የሰሌዳ ድንጋይ አገር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፍ ይህ ባቡርና ብሪን ኤግሉስ አብረው ተጻፉ።

ዶልጎኽም የማኅበሩ ንብረት ሆና ትኖራለች። ማሰሮዋ አርጅቶ በአዲስ ተለውጧል፤ ሌላውም አካሏ በየዘመኑ ታድሷል። አሁንም እሳት በተነደደባት ቀን፥ እሳት አንዳጁ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፥ ክብሪት ከመጫሩ በፊት መብራቱን ወደ መስተዋቱ ቱቦ አስጠግቶ የውኃውን ልክ ይመለከታል።