የጅብ አጥር ለድመት አይበቃም፦ በዋግ ኽምራ ደጋ የድመት ማደሪያ አሠራር

በሰቆጣ ዙሪያና በሌሎች የዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች የሚኖር ገበሬ ፍየሎቹና በጎቹ የሚያድሩበትን በረት አጥብቆ ያጥራል። ድንጋዩን ይክባል፤ በላዩ የግራር እሾህ ይደርባል፤ መግቢያውንም ሳይመሽ ይዘጋል። ለድመቲቱ ግን የሚያጥርላት የለም። ማታ ወጥታ ጠዋት ሳትመለስ ስትቀር «ጅብ በልቷት ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ድመቲቱ የጎተራው ጠባቂ ናትና መጥፋቷ ለቤተሰቡ ቀላል ጉዳት አይደለም። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ በአካባቢው በሚገኙ ቁሳቁሶች ለድመት አስተማማኝ የውጭ ማደሪያ እንዴት እንደሚሠራና አሠራሩ የተመሠረተበትን ሳይንሳዊ ምክንያት እንመለከታለን።

ድመትና ጎተራ

የድመትና የእህል ዝምድና ጥንታዊ ነው። ለማዳዋ ድመት የተገኘችው ፌሊስ ሊቢካ ከተባለው የዱር ድመት መሆኑን የዘር ጥናቶች አሳይተዋል። በቅርብ ምሥራቅ የነበሩ ቀደምት ገበሬዎች እህል ማከማቸት ሲጀምሩ አይጥ ወደ ጎተራው መጣ፤ የዱር ድመትም አይጡን ተከትላ ወደ ሰው ሰፈር ቀረበች። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ መቃብር ተቆፍሮ፣ ከሰው አፅም አጠገብ የድመት አፅም መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሳይንሱ ዓለም ተገልጿል። ይኸው የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን ይኖራል።

ዋግ ኽምራ ዝናቡ አጭር፣ መሬቱም ተራራማና የተራቆተ አካባቢ ነው። ከአንዱ መኸር የተገኘው ማሽላ፣ ጤፍና ገብስ እስከሚቀጥለው መኸር መድረስ ይኖርበታል። መንግሥት የሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ዕቅድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለው በዚህችው ከተማ ስም ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ አይጥ የሚበላውና በሽንቱ የሚያበላሸው እህል ከልጆች ገበታ የሚቀነስ ነው።

የጅብ አጥር ለምን አይበቃም?

ጅብ ከባድና ጠንካራ አውሬ ነው፤ ይገፋል፣ በጥፍሩ ይቆፍራል፣ በመንጋጋው አጥንት ይሰብራል። ግንብ መውጣት ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ለጅብ የሚሠራ አጥር ከታች የጠነከረ ሆኖ ከላይ ክፍት ቢሆን ችግር የለውም። በትግራይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንደሚያመለክተው በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የእርድ ተረፈ ምርት ስለሚቀንስ ጅቦች አህያን አዘውትረው መብላት ይጀምራሉ። ጅብ እንደ ወቅቱ ምግቡን የሚለውጥ በመሆኑ በጾም ወራት ለቤት እንስሳት ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የድመት ተፈጥሮ ከጅብ ፍጹም የተለየ ነው። የቆለመሙና የሚሸሸጉ ጥፍሮቿ በሻካራ ድንጋይና በእንጨት ላይ ይይዙላታል። የትከሻዋ ማያያዣ አጥንት ትንሽና ከሌሎች አጥንቶች ጋር ያልተጋጠመ ስለሆነ ጭንቅላቷ ባለፈበት ቀዳዳ ሰውነቷም ብዙ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ የድንጋይ ካብ ጅብን ቢያግድም ለድመት መሰላል ነው። በሌላ በኩል ነብር ካብ ወጥቶ ከላይ መግባት ይችላል። ከዚህ የምንረዳው የድመት ማደሪያ የውጩን እንዳይገባ፣ የውስጧንም እንዳትወጣ ማገድ እንዳለበት ነው። ለዚህ ደግሞ ጣሪያ የግድ ያስፈልጋል።

አሠራሩ

ቦታ። ማደሪያው የቤቱንና የጎተራውን ግድግዳ ተደግፎ ቢሠራ ወጪው ይቀንሳል። ቁልቁለታማ ቦታ ከሆነ የክረምት ጎርፍ እንዳይገባበት ከላይ በኩል ትንሽ ቦይ ይቆፈራል። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ቢሆን የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ይበርዳል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ቅዝቃዜውን ያለዝባል።

ግድግዳ። ለሁለት ድመቶች ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ከፍታውም 2 ሜትር የሆነ ማደሪያ ይበቃል። እስከ 1 ሜትር ተኩል ድረስ በድንጋይና በጭቃ ይገነባል፤ ከዚያ በላይ አየር እንዲገባ ቀዳዳው ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የማይበልጥ የሽቦ መረብ ይወጠራል። ለዶሮ የሚሸጠው ቀጭን ሽቦ በጠንካራ አውሬ ስለሚበጠስ ወፈር ያለው ይመረጣል። ከግድግዳው ውጭ እንደ ልማዱ እሾህ ይደረደራል።

መሠረት። ቆፍሮ የሚገባ አውሬን ለመከላከል ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ ግማሽ ሜትር ያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል። አውሬ የሚቆፍረው ከግድግዳው ጥግ ጀምሮ ስለሆነ ድንጋዩን ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ይተወዋል።

ጣሪያና በር። ግማሹ ጣሪያ ለዝናብና ለፀሐይ መከላከያ በቆርቆሮ ወይም በሣር ይከደናል፤ ቀሪው ጠንካራ አጣና ተረብርቦበት በሽቦ መረብ ይሸፈናል። በሩ ድርብ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው የመጀመሪያውን ዘግቶ ሁለተኛውን ሲከፍት ድመቲቱ አታመልጥም።

ውስጡ። ድመት ከፍ ካለ ቦታ ሆና ዙሪያዋን ማየት ስለምትወድ ከግድግዳው ላይ የእንጨት መደርደሪያ ይሠራላታል። የውኃ ዕቃ፣ ጥፍሯን የምትስልበት ግንድና አሸዋ የተሞላ መጸዳጃም ያስፈልጋታል።

ወደ ጎተራው የሚወስደው ቀዳዳ

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል። ድመት በተለይ ሲመሽና ሲነጋ ማደን ትሻለች፤ አይጥም የሚንቀሳቀሰው በጨለማ ነው። ድመቲቱ በማደሪያዋ ብቻ ብትዘጋ ከጅብ ትድናለች፤ ጎተራው ግን ያለ ጠባቂ ያድራል። መፍትሔው ማደሪያውን ከእህል ማስቀመጫው ክፍል ጋር በሚያገናኘው ግድግዳ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ መተው ነው። በዚህ መንገድ ድመቲቱ ደጅ ሳትወጣ ሌሊቱን ታድናለች። ይህ ከተሠራ በኋላ በክፍሉ ውስጥ የአይጥ መርዝ ማስቀመጥ አይገባም፤ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመትም ልትመረዝ ትችላለችና።

ጤናን በተመለከተ

ማደሪያው ድመቲቱ ከባዘኑ ውሾች ጋር የምትገናኝበትን ዕድል ስለሚቀንስ በእብድ ውሻ በሽታ የመያዝ አደጋዋም ይቀንሳል። ክትባቱን ግን አይተካም። ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ማዳን ከቶ የማይቻል ያህል ነውና።

ሁለተኛው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ተሕዋሱ ከድመት ዓይነ ምድር ጋር ሲወጣ ወዲያው አይጋባም፤ ለመጋባት ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። መጸዳጃውን በየቀኑ የማጽዳት ጥቅም ከዚህ ይመነጫል። ተሕዋሱ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል እርጉዝ ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው መተው አለባት። ጥሬ ሥጋም ሌላው የበሽታው መተላለፊያ መንገድ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

የመጨረሻው ጥቅም ለዱር ድመቱ ነው። ለማዳና የዱር ድመቶች ስለሚዳቀሉ የዱሩ ዝርያ ቀስ በቀስ ንጹሕ ዘሩን ሊያጣ ይችላል። ሌሊት ቤቷ የምታድር ድመት ይህን መደባለቅ ትቀንሳለች።

እንግዲህ ድንጋዩም፣ እሾሁም፣ የመካቡም ሙያ በዋግ ገበሬ እጅ የቆዩ ናቸው። የሚጨመረው ጥቂት ሽቦ፣ ጣሪያና አንዲት ቀዳዳ ነው። ለፍየሉ የሚደረገው ጥንቃቄ እህሉን ለምትጠብቀው ድመትም ቢደረግ ትርፉ ለቤተሰቡ ነው።